ከፊላው ውስጥ የወጡት

እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም የምጽፍላችሁ። ግን ሆኗል። ከሰው አፍ የሰማሁት አይደለም... በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። የጀመረው ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል አልነበረም።

ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት። ወሩ ጥር። ቦታው ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ፣ ሐርቡን አልፋችሁ፣ የቦርከና ወንዝ ሜዳው ላይ ተንጣሎ ረግረግ የሚሆንበት ነው።

ሰርካዲስ እባላለሁ። ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል እሠራ ነበር። ባለቤቴ ይስማው የባዮሎጂ መምህር ነው። የእሱ ሱስ ወፍ ነው። ሌላው ወንድ እሁድ ሲመጣ ኳስ ያያል፣ የኔው ወፍ ያያል። ከአንገቱ የማይለይ የሩቅ ማያ መነጽር አለው። ወፍ ለማየት ማይባር ድረስ ወስዶኛል፣ ሐይቅ ድረስ ወስዶኛል። እኔም ስድስት ቀን ሙሉ የማሽን ጩኸት ሲደበድበኝ ስለሚሰነብት፣ ዝም ያለ ቦታ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚወስደን ጀላል ነው። የይስማው አብሮ አደግ። ከደሴ ዙሪያ ጎመንና ካሮት እየጫነ ኮምቦልቻ ገበያ የሚያራግፍበት አሮጌ ፒክአፕ አለው። እሁድ አትክልት ስለማይጭን እኛን ይጭናል።

ያን ቀን ግን መሄድ አልፈለግሁም ነበር። ልጃችንን ወንጌላዊትን ጉንፋን ይዟታል። ገና አራት ዓመቷ ነው። ለጎረቤታችን ለእትዬ አረጋሽ ትቻት ስወጣ፣ ቀሚሴን ይዛ አልለቅ ብላኛለች። መንገዱን ሁሉ ልቤ አልተቀመጠም። ጋቢና ውስጥ በሁለቱ መሀል ተቀምጬ እጄን የማደርግበት አጥቼ ነበር።

"ምነው ሰርኬ?" አለኝ ጀላል መሪውን እንደያዘ።

"ምንም... ቶሎ እንመለስ ብቻ።"

"ወፎቹ ከፈቀዱ" አለና ሳቀ።

ስንደርስ ረግረጉ በወፍ ተሞልቷል። ሽመላው፣ ይብራው፣ ዳክዬው... ከሩቅ አገር ክረምት ሸሽተው የመጡ ስማቸውን የማላውቃቸውም አሉ። ነጫጮቹ ሳቢሳዎች ከብት ይከተላሉ።

እዚያ ሲኬድ ሕጉ አንድ ነው። ዝም ማለት። ይስማው በሹክሹክታ ነው የሚያወራን። አንድ እርምጃ ከፈጠናችሁ፣ ወይም ካስነጠሳችሁ፣ ሜዳው በሙሉ ብር ብሎ ይነሳል።

ይህን ልብ በሉልኝ። ወፍ ሰውን ይፈራል።

አምስት ሰዓት ሲል ይስማው እጁን አነሳ። ቆምን።

"ሰማችሁ?"

"ምኑን?" አልኩት።

"ዝም በይ... እሷ ናት።"

ሰማሁ። ከፊላው ውስጥ ነው። ፊላ ታውቃላችሁ፣ ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ሣር፤ እዚያ ያለው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከመሀሉ አንድ ድምፅ ይመጣል።

ሁ... ሁ... ሁ...

ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ እንደሚወጣው ያለ ድምፅ።

ይስማው ፊቱ በራ። ለዓመታት ድምፅዋን እንጂ መልኳን አይቶ የማያውቃት አንዲት ድብቅ ወፍ ነበረች። ስለ እሷ አውርቶ አይጠግብም።

"አትከተሉኝ። መጣሁ" አለን።

ጫማውን እንዳደረገ ውሃው ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ድረስ ሲደርሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ፊላው ከኋላው ገጠመ።

ድምፁ ቆመ።

ቀጥሎ እንቁራሪቶቹ ቆሙ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ... ነፋሱ ራሱ።

እኔና ጀላል ተያየን። ጀላል ወደ ፊላው አፈጠጠ።

ብዙ አልቆየም። ይስማው ወጣ። ግን በገባበት አይደለም። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ውሃ ከሌለበት በኩል ነው የወጣው። እጆቹን አንጠልጥሎ በዝግታ ወደ እኛ መጣ።

"አየሃት?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ማንን?"

ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። እዚያ ቦታ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም።

"ወፏን ነዋ።"

"የቷን ወፍ?" አለኝ። ፈገግ ብሏል።

በእኛና በእሱ መሀል የሳቢሳ መንጋ ሰፍሮ ነበር። ይስማው በመሀላቸው አልፎ መጣ። አንዷም አልተነሳችም። አንዷ እግሩ ሥር ሆና ሣሩን ትለቅማለች። ጫማው ጭራዋን ሊነካት ምንም አልቀረውም... ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

እሱ እንደሌለ ነው።

ጀላልም አይቶታል። ወደኋላ አንድ እርምጃ ሲሸሽ የደረቀ እንጨት ረገጠ። ቀጭ አለ።

መንጋው በሙሉ ብር ብሎ ተነሳ።

ይስማው ወፎቹ በራሱ ላይ ሲያልፉ ቀና ብሎ አላያቸውም። እኔን ነው የሚያየኝ።

"ቤት እንሂድ" አለ።

ሱሪውን አየሁት። ደረቅ ነው። ጫማው ላይ ጭቃ የለም።

"መነጽርህስ?"

እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው እንደሚያደርገው ዳበሰው።

"ቤት ነው" አለ። "እንሂድ። ልጅቷ ትጠብቀናለች።"

ልጅቷ...

ይስማው ልጁን "ልጅቷ" ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ወንጌል ነው የሚላት፤ ሲብስበት ደግሞ "የኔ ድንቢጥ"።

ቀድሞን ወደ መኪናዋ ሄደ። ጀላል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ሰርኬ... አየሽው?"

"አየሁት።"

"ወላሂ ሰውነቴን ውርር አድርጎኛል። ምን ሆኖ ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"አሞት ይሆን?"

"አሞት ከሆነ ሱሪውን ምን አደረቀው?"

ይሄኔ ነው አንዲት ሴት በውሃው ዳር ብቅ ያለችው። የታጨደ ፊላ በጀርባዋ አዝላለች። ጀላል ያውቃታል። የእናቱ ወገኖች ሐርቡ ስለሆኑ እዚያ አካባቢ የማያውቀው ሰው የለም። ሰላምታ ተለዋወጡ።

"ደህና ነሽ እትዬ ፋጡማ? ልጆቹ ደህና ናቸው?"

"አልሃምዱሊላህ። እናንተስ?" አለችና ወደኋላዋ ዞር ብላ ፊላውን አየች። "ያን ሰውዬ ጥላችሁት ልትሄዱ ነው?"

"የቱን ሰውዬ?" አለ ጀላል።

"እዚያ ውስጥ የተቀመጠውን። ሳጭድ አገኘሁት። ውሃው እዚህ ድረስ ውጦታል" ብላ ደረቷን አሳየችን። "ምን ሆነህ ነው ብለው በእጁ ሂጂ ሂጂ አለኝ። አንገቱ ላይ ጥቁር ነገር አንጠልጥሏል፣ ዓይን ላይ የሚደረግ።"

ወደ መኪናዋ ዞርኩ። ይስማው በሩ አጠገብ ቆሟል። ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነው... ዓይኑን ግን አልጨፈነም።

"ጀላል" አልኩት። "እዚሁ ሁን። ከመኪናው እንዳትርቅ። ወዴትም እንዳትሄድ።"

"ብቻሽን አትገቢም።"

"ሁለታችንም ከገባን እሱን ማን ያየዋል?"

ተጨነቀ። ቁልፉን በእጁ ውስጥ ጨመቀው።

"ቶሎ በይ" አለኝ። "በአላህ፣ ቶሎ በይ።"

ፋጡማ የወጣችበትን ቀዳዳ አሳየችኝ። አብራኝ ግን አልገባችም። ገባሁ።

ውስጡ ሌላ አገር ነው። ፊላው ግራና ቀኝ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ሰማዩ ክር ሆነ። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጭቃው እግሬን ይዞ አልለቅ ይላል። በየእርምጃው ቆሜ አዳምጣለሁ። የራሴን ልብ እንጂ ሌላ አይሰማኝም።

"ይስማው..." አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ምንም።

"ይስማው..."

"ዝም በይ።"

ከግራዬ ነው የመጣው። ፊላውን ገለጥኩት።

ባለቤቴ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ደረቱ ድረስ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። መነጽሩ አንገቱ ላይ ነው። ሲያየኝ ወደኋላ ሸሸ።

"እዚያው ቁሚ" አለኝ። "አትጠጊኝ።"

"እኔ ነኝ እኮ።"

"እሷም እንደዚያ ነው ያለችው።"

ቆምኩ።

"ማን?"

ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ጠየቀኝ። "ትናንት ማታ ለምን ተጣላን?"

"አልተጣላንም። ወንጌልን አሟት እያለ ጥለናት አንሂድ አልኩህ። ዞረህ ተኛህ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... ብርድ ልብሱን ሳብክብኝ።"

እንባው ወረደ። እጁን ሰጠኝ። ሳነሳው አፍንጫውን አንገቴ ውስጥ ቀበረና በረጅሙ አሸተተኝ።

"ጥጥ ጥጥ ትሸቻለሽ" አለኝ። "እሷ አትሸትም ነበር።"

"ማን ናት ይስማው? ንገረኝ።"

"አንቺ ነሻ። እንደገባሁ መጣሽ። ብጫ ሻሽሽን አስረሽ፣ ውሃው ላይ ምንም ድምፅ ሳታሰሚ... ና ቤት እንሂድ አልሽኝ። እጄን ልሰጥሽ ነበር። ግን ስትጠጊኝ ጠረንሽ የለም። ዘጠኝ ዓመት አብሬሽ ስተኛ የማውቀው ጠረን... የለም። እምቢ አልኳት።"

"እምቢ ስትላትስ?"

"ምንም አላለችም። እዚያ ቆማ ታየኝ ነበር። አሁን፣ አንቺ ስትጠሪኝ ነው ዘወር ያለችው።"

"ወዴት?"

በጣቱ አሳየኝ።

ወደ መኪናዋ።

ያኔ ነው የፒክአፗ ሞተር ሲነሳ የሰማነው።

እንዴት እንደወጣን አላውቅም። ወደቅን፣ ተነሳን፣ ፊላው እጃችንን ሸረከተው። ዳር ስንደርስ መኪናዋ አቧራ እያስነሳች ወደ አስፋልቱ እየወጣች ነው። ይስማው መነጽሩን አነሳ። ወዲያው አወረደው።

"ምን አየህ?"

መነጽሩን ሰጠኝ።

በኋላ መስታወት ጋቢናው ይታያል። ሦስት ራስ። መሪው ላይ ጀላል። በሩ ጋ ወንድ። መሀል ላይ ብጫ ሻሽ ያሰረች ሴት።

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። ሻሼ እንደታሰረ ነው።

ፋጡማ ሸክሟን ጥላ ቆማለች። ወደ እሷ ስሄድ እጇን ዘረጋች።

"አትጠጊኝ።"

"እትዬ..."

"አሁን እኮ ተሳፈርሽ። እዚህ ቆሜ ሳይሽ። ከፊላው ወጣሽ፣ 'ሰውዬው ሌላ ሰው ነው፣ እንሂድ' አልሽው... ሄዳችሁ።" ወደ ይስማው ተመለከተች። "አኡዙ ቢላሂ... አትጠጉኝ።"

ዓይኗን ሳትነቅልብን የኋሊት ሄደች። ሸክሟን አላነሳችውም።

እስከ ሐርቡ በእግራችን ነው የሄድነው። መኪና ሲመጣ እጅ እናነሳለን፣ ሾፌሮቹ ጭቃችንን ሲያዩ ያልፉናል። አእምሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዞራል። "ልጅቷ ትጠብቀናለች።"

ሐርቡ አንድ ሱቅ ውስጥ ስልክ ነበር። የጀላልን ሞባይል ደወልኩ። ጠራ... ጠራ... ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ አነሳው።

"ጀላል፣ እኔ ነኝ። ሰርካዲስ።"

"ሰርኬ? ምን ረሳችሁ?"

"የት ነህ?"

"ወደ ደሴ እየወጣሁ ነዋ። በራችሁ ላይ ካወረድኳችሁ ቆየሁ እኮ።"

የሱቁን ጠረጴዛ ያዝኩ።

"ጀላል... አሁን ሐርቡ ነኝ። ይስማውም አጠገቤ ነው።"

የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል። ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ።

"ሰርኬ፣ እንደሱ አይቀለድም።"

"አልቀለድኩም።"

"መንገዱን ሁሉ አልተናገራችሁም" አለኝ ቆይቶ። ድምፁ ተለውጧል። "ደክሟችሁ ነው ብዬ... ተኮራርፋችሁ ነው ብዬ... ሁለታችሁም ወደፊት ብቻ ታያላችሁ። ያ ቅድም ያልኩሽ ፍርሃት እኮ ለቆኝ ነበር፣ ፊላው ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ነው ስትይኝ።"

"ወንጌልስ? ጀላል፣ ወንጌልስ?"

"ይዛችኋት ስትገቡ አይቼ ነው የሄድኩት።"

ስልኩን የዘጋው ይስማው ነው።

መንገድ ዳር ብዙ ቆመን፣ በመጨረሻ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ለምነን ተሳፈርን። ያ መንገድ ቅርብ ነው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለኔ ግን አላልቅ አለ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ ከሰው ጋር አወራ። ጎማ ፈተሸ። ይስማው ወርዶ በእግሩ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ከአስፋልቱ እስከ ሰፈራችን ሮጥን። የምንኖርበት ግቢ ሁለት ቤት አለው፣ አንዱ የኛ፣ አንዱ የእትዬ አረጋሽ። እትዬ አረጋሽ ልብስ ከገመድ ላይ ያወርዳሉ። ሲያዩን እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"እንዴ... መቼ ወጣችሁ?"

"እትዬ፣ ወንጌል የታለች?"

"ምን ማለትሽ ነው ልጄ? አንቺ አይደለሽ እንዴ የወሰድሻት?"

"እኔስ ልነግርሽ ነበር" አሉኝ ወደ እኔ ዝቅ ብለው። "ልጅቷ ምን ሆናብሽ ነው? አልሄድም ብላ እዬዬ ስትል... 'እማዬን ጥሩልኝ' እያለች አለቀሰች እኮ። አንቺን እያየች።"

ቤታችን ውስጥ መብራት በርቷል። መጋረጃው ተዘግቷል። ይስማው በሩን ገፋው። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

አንኳኳሁ።

እንደገና አንኳኳሁ።

"ማነው?"

የኔ ድምፅ ነበር። ከውስጥ። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቀሰስ ያለ... ግን የኔ።

ይስማው ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጠው።

ከዚያ ትናንሽ እግሮች ወለሉ ላይ ሲራመዱ ሰማን። በርጩማ ተጎተተ። መቀርቀሪያው ቀስ እያለ ተሳበ። በሩ ተከፈተ።

ወንጌል ናት። ባዶ እግሯን። ፀጉሯን ሰው አዲስ ጎንጉኖላታል፣ እርጥብ ነው፣ የረግረግ ጭቃ ይሸታል። አላለቀሰችም። ሁለታችንንም አየችን... እኔን፣ አባቷን፣ እንደገና እኔን።

"ቀስ በሉ" አለችን በሹክሹክታ። "ተኝተዋል።"

በራሷ ላይ አሻግሬ አየሁ።

አልጋችን ላይ ሁለት ሰው ተኝቷል። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ትራሱ ላይ ብጫ ሻሽ ይታያል። ብርድ ልብሱ ወደ ላይ ይላል፣ ወደ ታች ይላል... ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የሚተነፍሱት።

ይስማው ልጁን ከደፉ ላይ አነሳትና ሰጠኝ። ድምፅ ሳናሰማ ወደኋላ አፈገፈግን።

ከአልጋው ላይ የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

"ሰርኬ... በሩን ዝጊው። ብርድ ገባ።"

ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ።

አልጠበቅንም። ግቢውን አቋርጠን ሮጥን። በሩ ከኋላችን ሲዘጋ ሰማሁ። መቀርቀሪያው ሲገባም ሰማሁ።

ያን ምሽት ደሴ የይስማው እህት ቤት ገባን። ወደዚያ ቤት አልተመለስንም። ዕቃችንንም አላወጣንም፣ ሰውም አልላክንም። ጀላል ዛሬም ወዳጃችን ነው፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድ ጊዜም አንስተን አናውቅም።

እኔ ስሮጥ ወደኋላ አልዞርኩም። ትከሻዬ ላይ የነበረችው ወንጌል ግን ፊቷ ወደ ቤቱ ነበር።

የግቢውን በር ስናልፍ ትንሽ እጇ ከጀርባዬ ላይ ሲነሳ ተሰማኝ።

ቀስ ብላ... ለሆነ ሰው ታወዛውዝ ነበር።